የጎንደር በሬ የሚሰባው በጥቅምት፣ የሚታረደው በፋሲካ

ፋሲካ ሲቃረብ የጎንደር ከብት ገበያ ዋጋው ይሰቀላል። በዚያው ሰሞን በደባርቅና በዳባት፣ በወገራና በደምቢያ ሜዳ ላይ ሣር የሚባል ነገር አይታይም። ዋናው ዝናብ ካቆመ ስድስት ወር ገደማ ሆኖታል፤ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ከብቱ አፈር እየላሰ ይውላል። ሥጋ ከሁሉ በላይ የሚፈለግበት ወር ሣር ጨርሶ የሌለበት ወር ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ስለ ከብት ማድለብ የሚወራው ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ብዙ ነገር ይጠራ ነበር።

የሣሩ ቀን መቁጠሪያ ግልጽ ነው። በሰኔ ዝናብ ይነሣል፣ በነሐሴና በመስከረም ይደርሳል። እርሻው አልቆ ከቀንበር የተፈታ በሬ ክረምቱን አርፎ ከጋጠ ጥቅምት ላይ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ሻኛው ይቆማል፣ ጎድኑ ይሸፈናል። ለመኖ አንድ ብር ሳይወጣበት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ተረት ብዙ ሰው ለብርዱ ብቻ የተባለ ይመስለዋል። ብርዱስ እውነት ነው። ነገር ግን ተረቱን ያወጡት ሰዎች የጥቅምት በሬ ከሌላው ወር በሬ እንደሚለይ ሳያውቁ አልቀሩም።

የገበታው ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ሌላ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ ይፈሰካል፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፣ ጥር በሙሉ ሠርግ ነው። ቀጥሎ ቅበላ፣ ከዚያ 55 ቀን ዐቢይ ጾም። ፋሲካ ሲደርስ በጥቅምት የሰባው በሬ ግማሽ በጋውን በጭድና በገለባ ከርሟል። ይባስ ብሎ ከየካቲት ጀምሮ እርሻ አለ፤ በሬው ከሲታ በሚሆንበት ወር ነው ቀንበር የሚጫንበት።

በዚህ አገር ለሥጋ ብቻ ተብሎ የሚረባ ከብት የለም ማለት ይቻላል። ላሟ የወለደችው ወይፈን ቀንበር ይለምዳል፣ ዓመታት ያርሳል፣ ሲደክም ይሰባና ይሸጣል። ሥጋው የእርሻ በሬ ጡረታ ነው። ስለዚህ ገበሬው በሬውን መቼ ይሽጥ የሚለው የቤተሰቡ የዓመት ገቢ ጥያቄ ነው፤ ከዚያው ብር ነው ለሚቀጥለው እርሻ ጎረምሳ በሬ የሚገዛው፣ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው፣ ደብተር የሚገዛው።

ታዲያ ገበሬው ምን ያደርጋል? ዋጋው ፋሲካ ላይ ስለሆነ ፋሲካን ይጠብቃል። ለመጠበቅ ደግሞ ቀለብ ያስፈልገዋል፦ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ጨው፣ ከጠላና ከአረቄ ቤት የሚሰበሰብ አተላ፣ ለከተማው ቅርብ ለሆነ ከዳሸን ቢራ ፋብሪካ የሚወጣ የብቅል ተረፈ ምርት። ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚፈልገው የፉርሽካው ዋጋም አብሮ ይሰቀላል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በሬውን ይዞ የቆየ ሰው በመጨረሻ የሚያገኘው ትርፍ ከፊሉ የዱቄት ፋብሪካው ነው። ሒሳቡን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አያሰላለትም፤ የራሱን ጭድና የልጁን የጥበቃ ጉልበት ደግሞ ከነጭራሹ ወጪ ብሎ አይቆጥረውም።

ይህ ማለት በሦስት ወር ቀለብ ማድለብ መጥፎ ሥራ ነው ማለት አይደለም። መሬት ለሌለው የአዘዞ ወጣት በብድር ሁለት በሬ ገዝቶ በጓሮ ማድለብ ምክንያታዊ ሥራ ነው። ስሕተቱ ያንኑ ምክር ሜዳ ላለው ለዳባት ገበሬ ቃል በቃል መስጠቱ ላይ ነው። አንዱ ያለው ጉልበትና የከተማ ቅርበት ነው፣ ሌላው ያለው ሣር ነው።

እዚህ ላይ «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ይመጣል። ኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም ነው፤ ቁጥሩም 488 ነው። ከአዋጁ በኋላ ስሙ ከቡናና ከማር ጋር ሲነሣ ይሰማል እንጂ ስለ ሥጋ ብዙ አይወራም። «የእኛ ከብት በተፈጥሮው ኦርጋኒክ ነው» የሚለው አባባል ግን በየስብሰባው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፤ ማሳደጊያ ሆርሞን የሚወጋ የወገራ ገበሬ የለም። ሌላው ግማሽ መመርመር አለበት። በፀረ አረም የተረጨ ማሳ ገለባ ለከብቱ ይቀርባል። ፀረ አረሙ ያመጣው ሌላ ነገርም አለ፦ ድሮ በክረምት በእጅ ታርሞ ለከብቱ የሚወሰደው አረም ጥሩ መኖ ነበር፤ አሁን ማሳው ላይ ደርቆ ይቀራል።

ሣር የበላ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም። በጣና ዳር ረግረግ የሚግጥ ከብት የጉበት ትል ያገኘዋል፤ በጎንደር ቄራ ጉበት ከሚያስጥሉት ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። መጸዳጃ በሌለበት መንደር ሜዳ ላይ የዋለ በሬ የኮሶ ትል እንቁላል ይዞ ይመለሳል፣ ጥሬ ሥጋ ወዳድም ይወርሰዋል። አባ ሰንጋ ክትባት ካልተሰጠ ሰውም ከብትም ይገድላል። የታመመ ከብት መታከም አለበት፤ መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ ደግሞ መታረድ የለበትም። የእንስሳት ሐኪም የማያየው «ተፈጥሯዊ» ሥጋ ማንንም አያኮራም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሜዳው ነው። የወል ግጦሽ መሬት በየዓመቱ ጠርዙ እየታረሰ፣ ለወጣት እየተከፋፈለ፣ በባሕር ዛፍ እየተተካ ይጠባል። በትንሽ ሜዳ ላይ የቀረው ከብት ብዙ ነው። ይህ የት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ፎገራ አለ። የፎገራ ከብት በወተቱም በግዝፈቱም የታወቀው ያ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ሣር ስለነበረው ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ሩዝ ገባ፤ ሜዳው ቀስ በቀስ ሩዝ ሆነ። ሩዙ ብዙ ቤተሰብ አብልቷል፣ በእርሱ መፍረድ ከባድ ነው። ከብቱ ግን ዛሬ ዝርያው እንዳይጠፋ በአንዳሳ የምርምር ማዕከል የሚጠበቅ ሆኗል።

«ስለዚህ ልቅ ግጦሽ ይቀጥል» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች ይውጣ። በግጭ አምባ ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ ነበር። ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ ተነሡ፤ በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ በዩኔስኮ ከአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲወጣ ከምክንያቶቹ አንዱ የግጦሽ ጫናው መቀነሱ ነበር። ለዋልያው መልካም ሆነ። ከብቱን ይዞ የኖረ ቤተሰብ ግን ከተማ ዳር ምን ያርባ? በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በመንዝ ጓሳ አለ፤ እዚያ ሕዝቡ ራሱ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጋል፣ በወሰነው ጊዜ ይከፍታል፣ ደንብ የጣሰውን ይቀጣል። ያን ሥርዓት ከጥንት ያቆየው ሕዝቡ ነው እንጂ ፕሮጀክት አልነበረም።

ለደጋው ገበሬ ከሁሉ የቀረበው ነገር ድርቆሽ ነው። ሣር ሳያብብ ወይም ሲያብብ ከታጨደ ምግብ ነው፤ ደርቆ ከታጨደ ከገለባ አይሻልም። አብዛኛው ገበሬ የሚያጭደው ግን እህሉን ከሰበሰበ በኋላ፣ ኅዳር ገብቶ ነው። ስንፍና አይደለም፤ ሁለት እጅ አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ገብሱም ይረግፋል። የቀበሌ የግብርና ባለሙያ በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ሳምንት ደቦ ቢያስተባብር ከብዙ ሥልጠና ይበልጥ ነበር። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ድርቁ ሲመጣ ከብቱ በየሜዳው ወደቀ። ያኔ የተከመረ ድርቆሽ የነበረው ቤትና ያልነበረው ቤት አንድ አልሆኑም።

ገበያውስ? ጎንደር ፋሲካን ማስቀረት አትችልም፣ ማንም አይጠይቃትም። ነገር ግን በገናና በቅበላ መካከል የከተማዋ ትልቁ እንግዳ ይመጣል። ለጥምቀት ከአገር ውስጥም ከውጭም ሰው ይጎርፋል፣ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ሠርጉ አለ። በሬው በዚያ ወቅት ገና የጥቅምት ሥጋውን አልጨረሰም፤ ትንሽ ድርቆሽ ካገኘ ጨርሶ አይከሳም። ሆቴሎችና ልኳንዳ ቤቶች ከወገራና ከዳባት ማኅበራት ጋር አስቀድመው ውል ቢያስሩ ገበሬው ሚያዝያን አይጠብቅም ነበር። በሬው በዓይን ግምትና በደላላ ሹክሹክታ መሸጡ ቀርቶ በሚዛን ቢሸጥ ደግሞ ሌላ ትልቅ ነገር ነው። በዓይን ሲገመት ጨው በልቶ ውኃ የጠጣ ሆድና ሥጋ የያዘ ጀርባ አንድ ዋጋ ያወጣሉ።

በላተኛውም ዓይኑን ማልመድ ይኖርበታል። ሣር የበላ በሬ ጮማው ወደ ቢጫ ያደላል። ብዙ ሰው ቢጫ ጮማ ሲያይ «አርጅቷል» ብሎ ይመለሳል። ያረጀም ሊሆን ይችላል፤ ሜዳ ላይ የከረመም ሊሆን ይችላል። ሥጋ ሻጩ በሬው ከየት እንደመጣ ቢጠየቅና ቢመልስ ልዩነቱ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ጠያቂም የለ፣ መላሽም የለ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መንገድ ሲኖር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ክልሉ በግጭት ውስጥ ነው፤ የጎንደር–ደባርቅ መንገድ ሲዘጋ በሬ የያዘ ሰው ወይ በቅርቡ ገበያ በወደቀ ዋጋ ይሸጣል፣ ወይ ይዞ ይመለሳል። በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄድ የነበረው የቆላው ከብትም የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ከፈነዳ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። በጥር ለመሸጥ ያሰበ ገበሬ በጥር መንገድ ካላገኘ በሬውን መልሶ ወደ ጭዱ ይወስደዋል፣ ፉርሽካ ይገዛል፣ ሚያዝያንም እንደ በፊቱ ይጠብቃል።