ኑዛዜው ከሣጥኑ ሲጠፋ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ሳይሰማ ያደገ ከመካከላችን አይገኝም። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን የተጻፈው ራሱ የጠፋ እንደሆነ ምን እንደሚደረግ አይነግረንም።

በአገራችን ሰው የመሞቻው ጊዜ መቃረቡ ሲሰማው ሽማግሌዎችንና የነፍስ አባቱን ጠርቶ መናዘዙ የቈየ ልማድ ነው። የእጅ ጽሕፈቱ የሚያምር ተማሪ ተፈልጎ ይጽፋል፤ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ወረቀቱም ታጥፎ ከሣጥን ውስጥ ወይም ከፍራሽ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

አንድ አባት በሕመሙ ጊዜ ላስታመመችው ልጁ ቤቱን ተናዘዘላት እንበል። አራት ምስክሮች ሰምተዋል፤ ፈርመዋልም። ከዐርባው በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ወረቀቱ የለም። «ምን ቸገረሽ፤ አራቱም ምስክሮች በሕይወት አሉ» የሚሏት አይጠፉም። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 897 እንደሚደነግገው፥ የጽሑፍ ኑዛዜ መኖሩና ቃሉ የሚረጋገጠው ኑዛዜው ራሱ ሲቀርብ፥ ወይም በአደራ የተቀበለው የመዝገብ ሹም ትክክለኛ ነው ብሎ የፈረመበት ግልባጭ ሲቀርብ ብቻ ነው። ስለዚህ የአራቱ ሰዎች መሐላ የአንዱን ወረቀት ቦታ አይተካም። ኑዛዜ ካልተገኘም ልጆች ሁሉ እኩል ይካፈላሉ፤ የአባትዮው ፈቃድ አብሮት ተቀበረ ማለት ነው።

በጥፋቱ ወይም በቸልተኝነቱ ኑዛዜው እንዲጠፋ ያደረገ ሰው ቢኖር፥ ከእርሱ ካሣ ለመጠየቅ በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ይህም ቢሆን ካሣ ያስገኛል እንጂ ቤቱን አይመልስም። የቃል ኑዛዜም ቢሆን ለዚህ አይደርስም፤ ሕጉ ስለ ቀብር ሥርዓት፥ ስለ ልጆች ሞግዚትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ወስኖታልና።

ሕጉ ጨካኝ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ምክንያቱ ይገባናል። ሟች ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አላልሁም» ሊል አይችልም። የምስክር ቃል ብቻውን ቢበቃ ኖሮ፥ ጠፋ የሚባለው ኑዛዜ ከተጻፈው በበዛ ነበር።

እንግዲህ ምን ይሁን? ተናዛዡ በሕይወት ሳለ ወረቀቱ የጠፋ እንደሆነ፥ ሳይውል ሳያድር እንደገና ይጻፍ። ተናዛዡ ሞቶ ከሆነ ከክርክር በፊት ፍለጋ ይቅደም፤ ጸሐፊውና ምስክሮቹ ይጠየቁ፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤትና ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ይታይ። በስልክ የተነሣው ፎቶግራፍ ለፍለጋው ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ሕጉ ከቈጠራቸው ከሁለቱ አንዱ አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ኑዛዜውን አስቀድሞ በመዝገብ ቤት በአደራ ማስቀመጥ ነው። ይልቁንም ተናዛዡ ራሱ በእጁ የጻፈው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ በአደራ ካልተቀመጠ ሳይጠፋም ቢሆን ፈራሽ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ይህን የምንጽፈው ለሽማግሌዎች ብቻ አይደለም። «ልጄ፥ አንተ ተምረሃልና ጻፍልኝ» እየተባልን በየቤቱ ብዕር የምንይዘው እኛ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ነን። ሥራችን ነጥቡን ስናስቀምጥ ያለቀ ይመስለናል። አላለቀም። የታመነብንን ቃል የጻፍን እኛ፥ አባታችንን ደግፈን ወረቀቱን እስከ መዝገብ ቤት ልናደርስና የአደራውን ደረሰኝ ለሚያምነው ሰው ልናሳይ ይገባናል። የአንድ ቀን ወረፋ ቢያሰለች እንኳ፥ ወንድምና እኅት በፍርድ ቤት ደጅ ተኰራርፈው ከሚቆሙባቸው ዓመታት ያጥራል።