ወደ ደሴት የሚሄድ ሰው ዕቅዱን ከባሕሩ ይጀምር



የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ባለቀ ቁጥር ተማሪዎች፣ የዕረፍት ፈቃድ በደረሰ ቁጥር ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወጣት ጸሓፊዎች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ገንዘባችን ጥቂት፣ ቀናችንም ጥቂት፤ የት ሄደን አገር እንይ?» ይላሉ። ለወልቂጤና ለቡታጅራ ሰው የምሰጠው መልስ «ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች» የሚል ነው። ነገር ግን መልሱ በዚህ አያበቃም። ከተማ የሚሄድ ሰው መኪና ካገኘ ደረሰ ማለት ነው፤ ደሴት የሚሄድ ሰው ግን መኪናው ካደረሰው በኋላ ገና ውኃ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን እንዴት እንደሚታቀድ ነው።

በመጀመሪያ አገሩን እንወቅ። በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ከፍታው ከ3,600 ሜትር የሚበልጠው የጉራጌ ተራራ ቆሟል። ይህ ተራራ ሰውን ብቻ ሳይሆን ዝናብንም ይከፍላል። በምዕራቡ ጎን የዘነበው በዋቤ ወንዝ ወደ ግቤ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ ይወርዳል። በምሥራቁ ጎን የዘነበው ደግሞ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ይገባል። እንግዲህ የቡታጅራ ሰው ገና ሻንጣውን ሳያዘጋጅ፣ የተራራው ውኃ ቀድሞት ሄዶ ደሴቶቹን ከብቦ ይቆየዋል።

ደሴቶቹ አምስት ናቸው፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን ስሙ በኦሮምኛ «ትልቅ ተራራ» ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን ይባላል። በደሴቶቹ የሚኖረው የዛይ ሕዝብ በቍጥር ጥቂት ነው። ዓሣ ያጠምዳል፤ ተዳፋቱንም እርከን እየሠራ ያርሳል። ቋንቋው ከስልጤና ከወለኔ ቋንቋዎች ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነውና፣ ከጉራጌ አገር የሚሄድ ሰው እዚያ ሲደርስ ጆሮውን የሚያነቃው ቃል አያጣም። አባቶች ሲያወርዱት የመጣው ትውፊት እንደሚለው፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ጽላተ ሙሴን ይዘው በዚህ ደሴት ተሸሽገዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜም ሌሎች ስደተኞች ተጨምረዋል ይባላል። በገዳሙም የቆዩ የብራና መጻሕፍት ይጠበቃሉ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የሸሸውን ያዳነው ውኃ ዛሬም በቀላሉ አያሳልፍም።

ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር የአውቶቡስ ሰዓት መሆን የለበትም፤ የባሕሩ ሰዓት ነው። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ9 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ጧት ውኃው ብዙ ጊዜ ጸጥ ብሎ ይውላል። ፀሐይ ስትበረታ የብስ ከውኃው ፈጥኖ ይግላል፤ አየሩም መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ይሆናል፤ አንዱ ጀልባውን ሳይለቅ ሌላው ይመታዋል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ጧት መስታወት የመሰለው ባሕር ከሰዓት በኋላ ሌላ ባሕር ነውና።

ከባቱ ከተማ (የቀድሞዋ ዝዋይ ከተማ ማለት ነው) እስከ ቱሉ ጉዶ በሞተር ጀልባ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ ነፋሱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። አሁን ወደ ኋላ እንቍጠር። ከነፋሱ በፊት ለመመለስ እኩለ ቀን ላይ ከባቱ ዳርቻ መድረስ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ከደሴቱ መነሣት፣ ለጉብኝት ሁለት ሰዓት እንኳ ለማግኘት ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ውስጥ መገኘት ነው። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ውስጥ የሚገኝ ሰው ሌሊቱን ያደረው ባቱ ነው። ባቱ ያደረ ሰው በዋዜማው ሳይመሽ ገብቶ አልጋ ይዞአል፤ ባለ ጀልባውንም አነጋግሮአል። እንዲህ ከመጨረሻው እየተነሣን ወደ ቤታችን ስንቈጥር የመነሻችን ሰዓት ራሱ ይነግረናል።

አሁን ወደ የብሱ መንገድ እንምጣ። ከቡታጅራ እስከ ባቱ በቆሼ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በስተግራና በስተቀኝ በርበሬው የታወቀውን የማረቆን አገር እያዩ መሄድ ነው። የቡታጅራ ሰው ቅዳሜ ከቀትር በፊት ተነሥቶ፣ ባቱ አድሮ፣ እሑድ ጧት ደሴቱን አይቶ፣ ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ሁለት ቀን ይበቃዋል።

የወልቂጤ ሰው ግን በዚህ እንዳይታለል። ካርታ ላይ በቀጥታ ቢለካ ከወልቂጤ እስከ ባቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት ነው የሚበልጠው። ሆኖም ተራራው መሐል ቆሞአል። የታወቀው መንገድ በጅማው አውራ ጎዳና እስከ ዓለም ገና መውጣትና ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፎ ወደ ቡታጅራ መውረድ ነው፤ ሁሉም ሲደመር እስከ ባቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና ወርዶ በወራቤ ወደ ቡታጅራ የሚወጣም አለ። በየትኛውም ቢሆን አንድ ሙሉ ቀን ለመሄጃ፣ አንድ ለባሕሩ፣ አንድ ለመመለሻ ያስፈልጋል፤ ሦስት ቀን ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ አይበቁም። በዓል የተጨመረበት ሳምንት መጠበቅ ወይም ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው።

በዓለም ገና የሚወርድ ሰው መንገዱን እንደ ባዶ አይቁጠረው። የጢያ ትክል ድንጋዮች በዚያ መስመር ላይ ናቸው፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መንገዱ ራሱም ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው ከነጋዴውም ከሊስትሮውም ገንዘብ እያዋጡ ደክመዋል። ዛሬ በመኪና ተቀምጠን የምንንሸራተትበት መስመር የብዙ ሰው ሳንቲም አለበት።

ቀጥሎ የገንዘብ ነገር ይመጣል። የመኪናውን፣ የአልጋውን፣ የምግቡን፣ የጀልባውን ድርሻ ጻፉ። ከዚያ በታች አንድ መስመር ጨምሩ፤ ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት የሚሆን አልጋና እራት። ብዙ ወጣቶች ይህን መስመር እንደ ቅንጦት ቆጥረው ይሰርዙታል። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መስመር ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም እነሆ።

ጀልባ በጠቅላላ ሲከራይ ዋጋው ለተሳፋሪው ይካፈላል። ለስድስት የሚካፈለው ለአሥር ሲካፈል ይቀላል፤ ነገር ግን ጀልባው ያው ጀልባ ነው። የሚያንሳፍፈው ሰደርያ፣ ላይፍ ጃኬት የሚሉት፣ አምስት ብቻ ሆኖ ሰው ሰባት ሲሆን «ምን ይደረግ፣ ቅርብ ነው» ይባላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሳለ «ነገ ሥራ አለብን» ተብሎ ይሳፈራሉ። በዚህ ሰዓት «አልሳፈርም፤ እስኪነጋ እቆያለሁ» ለማለት የሚችለው ማነው? ደፋሩ ሳይሆን፣ ለአንዲት ሌሊት የሚሆን ገንዘብ በኪሱ፣ አንዲት ቀንም በፈቃዱ ላይ ያስቀረ ሰው ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው አደጋውን እያየ ይገባበታል። እንግዲህ ያቺ መጠባበቂያ ገንዘብ የምትገዛው አልጋ ብቻ አይደለም፤ «እምቢ» ማለትን ትገዛለች።

ጥቂት ማስታወሻ ልጨምር። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋ ወቅት ከክረምቱ ይመረጣል። ኅዳር 21 ቀን የጽዮን ማርያም በዓል ነውና በዚያ ሰሞን ለመሄድ የሚያስብ ጀልባውን አስቀድሞ ይነጋገር። በሐይቁ ዳር ባዶ እግር መግባት ቢልሃርዝያ ያስይዛል፤ ማታ ደግሞ የወባ ትንኝ አለችና አጎበር አይረሳ። ጉማሬም በሐይቁ ስላለ ዳር ዳሩን መንሸራሸር ጨዋታ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለመግባትም ሆነ ሰው ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድሞ ማስፈቀድ የጨዋ ልጅ ደንብ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ከወዲያኛው ዳር እንየው። ለእኛ የአንድ ቀን ጉብኝት የሆነው ውኃ ለደሴቱ ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ መሥሪያ ቤት የሚወስድ የዘወትር መንገድ ነው። በሌሊት ምጥ የያዛት እናት የነፋሱን ሰዓት መምረጥ አትችልም። አንድ የደሴት ገበሬ ማመልከቻ ይዞ ጧት ባሕሩን ተሻግሮ ሲመጣ፣ ጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠው ወጣት ጸሓፊ «ከሰዓት በኋላ ተመለስ» ቢለው፣ ቃሉ ለጸሓፊው ቀላል ነው። ለገበሬው ግን ወይ በነፋስ መሻገር፣ ወይ ዘመድ በሌለበት ከተማ ማደር ነው።

ይህ በባቱ ብቻ አይደለም። በወልቂጤም በቡታጅራም ከመስኮታችን ፊት የሚቆመው ሰው ከየትኛው ወንዝ ማዶ፣ ከየትኛው ተራራ ጀርባ እንደ መጣ፣ ከመሸ በኋላ የሚሄድበት መኪና እንዳለው ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ወደ ደሴት የምትሄዱ ወዳጆቼ፤ ስትመለሱ የዓሣውን ጣዕምና የባሕሩን ውበት ታወራላችሁ፤ ደግ ነው። የነፋሱን ሰዓት ግን ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ይዛችሁ ግቡ። በማግሥቱ ባለጉዳይ ፊታችሁ ሲቆም «ነገ ና» ከማለታችሁ በፊት «ከየት መጣህ?» ብላችሁ ጠይቁት።