የዘር እህላችንን እየበላን ነው

የቢቸናና የሞጣ ሽማግሎች፣ ወንድሞቼ፣ ስሙኝ።

ባለፈው ጥር ልጅ ለማጨት ከተላኩት ሽማግሎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ልጅቱ ሰባተኛን ሳትጨርስ በ2016 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤቷ ተዘጋ። «ቤት ተቀምጣ ምን ትሆናለች?» አለን አባቷ። አረቄ ቀረበ። የጠርሙሱ ውታፍ ከደብተሯ የተቀደደ ወረቀት ነበር። ፈትቼ አየሁት፤ የልብ ሥዕል ነው። ደም ቅዳውን በቀይ፣ ደም መልሱን በሰማያዊ ቀልማ ስማቸውን ጽፋበታለች። መልሼ ጠቅልዬ ወተፍሁት፤ መርቀንም ወጣን።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ያች ልጅ ብትቀጥል በ2021 አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ ነበር። አራት ዓመት አዋላጅነት ብትማር፣ በ2026 ምጥ የያዛትን የልጅ ልጃችሁን የምትቀበለው እሷ ነበረች። አሁን ማን ይቀበላት? በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ ብናደርስ፣ በሩን የሚከፍተው ማን ነው?

የጤና ባለሙያ ከሰማይ አይወርድም። ደምቢያን ወባ ስለ ፈጃት ነው በ1947 የጎንደሩ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው። የጤና ኤክስቴንሽንም ሲጀመር ከየቀበሌው አሥረኛን የጨረሱ ሁለት ሁለት ሴቶች ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመለሱ። የክትባት ሳጥን በትከሻዋ አንግታ፣ ውሻችሁን እየፈራች ደጃችሁ የቆመችው የወረዳችሁ የእነማይ፣ የሁለት እጁ እነሴ ልጅ ናት። ያኔ አሥረኛ የደረሰች ልጅ ባትኖር ኖሮ ማንን ይመለምሉ ነበር?

አውቃለሁ፣ ጤና ተምሮ ሥራ ያጣ ልጅ በየመንደራችን አለ። በ2017 ግንቦት ሐኪሞች ደመወዙ አያኖረንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። እውነታቸውን ነው፤ መንግሥት ይመልስላቸው። እኛ ግን ይህን ምክንያት አድርገን «ተምሮስ ምን ሊሆን!» እያልን ወንዱን ለስደት፣ ሴቷን ለጋብቻ እንሸኛለን። በ2016 በአገሪቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በሩ እንዲህ ጠቦ ሳለ፣ ሰባተኛ ላይ የቀረ ልጅ በምን በኩል ይገባል?

ጦርነቱን እኛ አላመጣነውም። ነገር ግን ጠብመንጃ የያዘውን ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ «ከትምህርት ቤት ደጅ ራቅ» ማለት የሽማግሌ ድርሻ ነው። ጋብቻውንማ የምናስረው እኛው ነን፤ ይህን በማንም አናሳብብ።

ለመጪው ጥር አትጥሩኝ። ከጠራችሁኝም፣ አረቄው ሳይቀርብ ደብተሯን አምጡልኝ እላለሁ።