ሆስፒታል ሲታደስ የእሳት መከላከያው ለመጨረሻ አይቆይ

ሰሞኑን የታመመ ዘመዴን ልጠይቅ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ግቢው ግንባታ በግንባታ ሆኗል። ሕሙማን ከተኙበት ፎቅ በላይ ብረት ይበየዳል። «የአደጋ ጊዜ መውጫ» የተባለው በር በጓጉንቸር ተቆልፎ፣ ፊቱ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሯል። ጥበቃውን ብጠይቀው «ዕቃ እንዳይሰረቅ ነው» አለኝ። ቁልፉስ? ፎርማኑ ጋ ነው፤ ፎርማኑ ደግሞ ማታ የለም።

ሌላ ሕንፃ ሲቃጠል ሰው ይሮጣል። በኦክስጅን የሚተነፍስ በሽተኛ፣ ማሞቂያ ውስጥ ያለ ጨቅላ ግን ወዴት ይሮጣል? ለዚህ ነው ሆስፒታል እሳትና ጭስ በማያሳልፍ ግድግዳና በር መከፋፈል ያለበት። አንዱ ክፍል ሲነድ ሕመምተኛው ከነአልጋው ወደሚቀጥለው ይገፋል። እድሳት ግን ይህንኑ ግድግዳ ይበሳዋል። ለኬብል፣ ለኦክስጅን መስመር የተከፈተው ቀዳዳ ከኮርኒስ በላይ ስለሆነ ማንም አያየውም፤ ሳይደፈን ይቀራል።

ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። በኅዳር 2004 ዓ.ም. ሕንድ ኮልካታ ውስጥ፣ መጋዘን ከተደረገ የሆስፒታል ምድር ቤት የተነሳ እሳት ወደ 90 ሰዎች ፈጅቷል፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባግዳድ ኢብን አልኻቲብ ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን ሲሊንደር ፈንድቶ 82 ሰዎች ሞቱ። የእሳት መከላከያ ሥርዓት አልነበረውም፤ ኮርኒሱም እሳቱን አዛመተው። ሦስት ወር ሳይሞላ እዚያው ኢራቅ፣ ናሲሪያ ላይ፣ ከተከፈተ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው የኮቪድ ማዕከል ተቃጥሎ ቢያንስ 60 ሰው አለቀ። አዲስ ግንባታ ነበር!

«ገንዘብ የለም» ይባላል። እውነት ነው፣ ስፕሪንክለር ርካሽ አይደለም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ የራሱ ማጠራቀሚያ፣ ፓምፕና ጄኔሬተር ይፈልጋል። ነገር ግን ቧንቧው የሚያልፈው ከኮርኒስ በላይ ነው። «ፊኒሺንግ ካለቀ በኋላ እንገጥማለን» ማለት የተዘጋውን ኮርኒስ መልሶ ማፍረስ፣ ሁለቴ መክፈል ነው። ውሃው ማሽኑን ሁሉ ያበላሻል የሚሉም አሉ። እሱ የፊልም ነገር ነው። በተለመደው ዓይነት እያንዳንዱ መርጫ ለብቻው፣ ብዙ ጊዜ 68 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ብርጭቆው ተሰብሮ ነው የሚከፈተው፤ እሳት የሌለበት ክፍል አይረጥብም።

ስለዚህ ሥራው ክንፍ በክንፍ ይሁን። አንዱ ክንፍ ማንቂያው ሳይጮህ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን ርክክብ አይደረግበት፣ ክፍያውም አይለቀቅ። ብየዳ ባለበት ማጥፊያ የያዘ ሰው ይቁም፤ ብየዳው ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ማንቂያው ለሥራ ሲባል በጠፋበት ቀን በእግሩ እየዞረ የሚጠብቅ ሰው ይመደብ። ይሄ እንኳ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ምረቃ ላይ የምትጠሩ ጋዜጠኞች፣ የአልጋውን ቁጥር ጠይቃችሁ አትመለሱ። ሕሙማን ከመግባታቸው በፊት ዋናው መብራት ይጥፋና ፓምፑ ሲነሳ አሳዩን በሉ።