ሚሊኒየሙ ሲከበር ስንት ወሩ ነበር?

የሸዋሮቢት ሰው ነኝ ስል ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ "ማረሚያ ቤቱ ያለበት?" የሚል ነው። አዎ፣ እሱ። (ሽንኩርትና ማሾም አለን።) ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ትልቁ ማረሚያ ቤት ሳይሆን በየጣቢያው ከአዋቂ ጋር ስለሚያድሩ ልጆች ነው።

2014 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ተማሪዬ የውሃ ሞተር ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ቦታውን አልጠራም። ሦስት ሌሊት ከትልልቅ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል አደረ። ፖሊሱ ቁመቱን አይቶ "17 ዓመት" ብሎ ጻፈ። እናቱን ስጠይቃት "ቲቸር፣ ሚሊኒየሙ ሲከበር ታቅፌው ነበር" አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ማስረጃ የለም። የልደት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው 2008 መጨረሻ ላይ ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 53 ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም ይላል። 15 ካለፈው ግን በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፤ ቢበዛ ቅጣቱ ይቀልለታል። እንግዲህ መስከረም 2000 ላይ ልጁ የሁለት ወር ነበር ወይስ የስድስት? ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ተንጠለጠለ።

ተለቀቀ። ትምህርት ቤት ግን አልተመለሰም። አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል።

9 ዓመት የሚለው መነሻ ራሱ ያሳፍራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ከ8 ወደ 12 ከፍ አድርጋዋለች። እሱ የፌዴራሉ ምክር ቤት ሥራ ነው እንበል። የክልሉ ፖሊስና ማረሚያ ቤት ግን የሚተዳደሩት ባሕር ዳር በሚወጣ አዋጅ ነው። ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት "በየጣቢያው ለልጅ የተለየ ክፍል ይኑር፣ ዕድሜው ያጠራጠረ እስኪጣራ ድረስ እንደ ልጅ ይያዝ፣ ወላጅ በዚያው ቀን ይጠራ" ብሎ በአዋጅ ማሰር ይችላል። በጀትም ይመድብ። ስሙ የሚጠራው የልጆች ማረሚያ ልደታ ነው፣ አዲስ አበባ፤ ከእኛ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። የትኛዋ የቆላ እናት ናት እዚያ ድረስ ስንቅ የምታመላልሰው?

"ሌባ ልታስለምድ ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። ሞተሩ የተሰረቀበትን ገበሬም አውቀዋለሁ፤ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ደርቆበታል። ካሳ ይገባዋል። ደም ያደረቁ አበጋሮች ባሉበት በይፋት ምድር የአንድ ሞተር ካሳ በሽምግልና አያልቅም? ሁሉም ነገር ግን በሽምግልና ይለቅ አልልም። ሴት ልጅ ተደፍራ ጉዳዩ በገንዘብ ሲዳፈን አይቻለሁ፤ አዋጁ ይህንን ለይቶ መከልከል አለበት።

"በዚህ ሁሉ ችግር መሐል የልጅ እስር ታየህ?" ላላችሁኝም፦ በግርግር ጊዜ እኮ ነው ልጅ በጅምላ የሚታፈሰው።

ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የምክር ቤት ሰው የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ በወረዳችሁ ለልጅ የተለየ ክፍል ያለው ጣቢያ ካለ እባካችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ከሌለም "የለም" በሉ። ዝርዝሩን ይዤ የምክር ቤት ተወካያችንን ላናግር ነው።