«ዋጥ አድርገው ይምጡ»

አክስቴ ሁለት የመንጋጋ ጥርስ ልታስተክል ቀጠሮ ይዛ፣ ዋዜማው ላይ ወደ ክሊኒኩ ደውላ «ፈርቻለሁ» አለች። «ማታ አንድ ዳያዜፓም፣ ጠዋት ደግሞ አንድ ዋጥ አድርገው ይምጡ» ተባለች። እንክብሉን ከጎረቤት አገኘች። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ለጉልበቷ ትራማዶል ትውጣለች። በማግስቱ አንገቷን መሸከም አቅቷት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች፣ ነርሷ ብዕሩን በጣቶቿ መሃል አስይዛ የስምምነት ቅጹን ስታስፈርማት ቆሜ አየሁ። ፊርማዋ ከመስመሩ ወርዶ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ አለቀ።

ማረጋጊያ መስጠቱን አልቃወምም። ማደንዘዣው ሕመሙን እንጂ የመሰርሰሪያውን ድምፅና አጥንት ውስጥ የሚገባውን ንዝረት አያጠፋም፤ የፈራ ሰው ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ይወጣል። «አይዞዎት» ብሎ ብቻ ማለፍም ጭካኔ ነው። የምቃወመው ፍርሃትን በስልክ ትእዛዝ፣ በአንድ ፍሬ ማፈኑን ነው።

ዳያዜፓም ቶሎ አይለቅም፤ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ እንኳ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ በሸመገለ ሰው ከዚያም ይረዝማል። ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. እነዚህ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ ስለሚያስከትሉት አደጋ ከባዱን ማስጠንቀቂያውን ያወጣው ለዚህ ነው። ዳያዜፓም መርሳትም ያመጣል። አክስቴ ቤት ገብታ ጥጡን መቼ እንደምታወጣ የጠየቀችው እኔን ነው፤ ሐኪሙ ደጋግሞ ከነገራት አንድም አልቀረላትም።

«ጊዜ የለንም፣ ደግሞም ታካሚው ራሱ ነው ስጡኝ የሚለው» ያሉኝ ሐኪሞች አሉ። የተከሉትን ብረት አጥንት እስኪይዘው ወራት የሚጠብቁ ሰዎች ለሃያ ደቂቃ ጥያቄ ጊዜ አጣን ሲሉ አልቀበላቸውም። ጥርስ ተከላ ድንገተኛ ሕክምና አይደለም። ፍርሃቱ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይጠየቅ። ቅጹ መድኃኒቱ ከመዋጡ በፊት፣ ሰውየው በሙሉ ልቡ እያለ ይፈረም። ትንፋሹን የሚከታተል ሰው፣ ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ፣ የመድኃኒቱን ኃይል የሚያከሽፈው ፍሉማዜኒልም ቅርብ ይሁኑ። እነዚህን ያላሟላ ክሊኒክ ማረጋጊያ ማዘዝ የለበትም።

ቀጠሮ የያዛችሁ፣ የምትውጡትን ሁሉ፣ የጉልበቱንም የእንቅልፉንም፣ ጽፋችሁ ሂዱ። ወደ ቤት የሚመልሳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ማንም ሳይመረምራችሁ «ዋጥ አድርገው ይምጡ» ከተባላችሁ ግን አትዋጡ፤ ቀጠሮውን አራዝሙት።