ኤሌክትሪክና ብረት፤ ለወልድያ ነጋዴ የቀረበ አሳብ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው የአባቶች ብሂል በገበያም በጉባኤም ዘወትር ይሰማል። ብረቱ በምን እንደሚግል፥ የማጋያውንም ወጪ ማን እንደሚሸከም የሚጠይቅ ነጋዴ ግን ጥቂት ነው። በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ገጠር የገበሬውን ማረሻ፥ ማጭድና ድጅኖ ሲያበጅ የኖረው ቀጥቃጭ ወናፉን እየነፋ በከሰል ይሠራል፤ ያረጀ የመኪና ባሌስትራም ገዝቶ መሣሪያ ያደርገዋል። ከሰሉ የሚገኘው ዛፍ ተቆርጦ ስለ ሆነ፥ የማጋያው ዋጋ ከቀጥቃጩ ኪስ ብቻ ሳይሆን ከአገሩም ደን ይከፈላል።

ሌላ መንገድ መኖሩ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። የኤሌክትሪክ ጅረት በብረት ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ይግላል። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል የዚህን ሙቀት ሕግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ዓ.ም. በጽሑፍ አስታውቋል። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የዚህን ሕግ ፍሬ በመደርደሪያው ላይ ያገኘዋል፤ ይኸውም የሞተር ቫልቭ ነው። ብዙው ቫልቭ ሲሠራ በቀጭን የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ኃይለኛ ጅረት ይለቀቃል፤ ጫፉ በለሰለሰ ጊዜ ተገፍቶ ይወፍራል፤ ከዚያም በቅርጽ ማውጫ ተመትቶ የቫልቩ ራስ ይሆናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ትሮይትስኪና ሊኽትማን የተባሉ የሶቪየት ኅብረት ሊቃውንት፥ ዚንክ የኤሌክትሮን ጨረር ሲያርፍበት በቀላሉ እንደሚለጠጥ አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ብዙ ምርመራዎች፥ ለቅጽበት ብቻ የሚለቀቅ ኃይለኛ ጅረት ላሜራን ለማጠፍ የሚያስፈልገውን ጉልበት እንደሚቀንስ፥ የታጠፈውም ላሜራ ተመልሶ የመቃናት ጠባዩን እንደሚያሳንስ ታይቷል። ጥቅሙ ከሙቀት ብቻ የመጣ ነው ወይስ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው በብረቱ ውስጥ የሚጨምሩት ነገር አለ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ነጋዴው ግን የክርክሩን ፍጻሜ መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በጅረት ማጋል የተፈተነ ሥራ ነውና።

ሒሳቡን መመልከት ይበቃል። አንድ ኪሎ ብረት እስከ አንድ ሺሕ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማጋል የሚያስፈልገው ሙቀት ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አምስተኛው ያህል ነው። በመሣሪያው የሚባክነው ተጨምሮ እጥፍ ቢሆን እንኳ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት አይደርስም። ነጋዴው ይህን በቆጣሪው ዋጋ አስልቶ፥ ለአንድ ማረሻ ከሚነደው ከሰል ዋጋ ጋር ያስተያየው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የብየዳ ማሽንም ቮልቱን አሳንሶ አምፔሩን የሚያበዛ ስለ ሆነ በእርሱ ብረት ለማጋል የሚያስብ አይጠፋም። ማሽኑ ለዚህ ሥራ አልተበጀምና፥ ይህን መሞከር ማሽኑንም ሰውንም ለአደጋ መዳረግ ነው።

ስለዚህ የሚሻለው፥ ጥቂት ነጋዴዎች ተባብረው ለዚሁ ሥራ የተበጀ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ብረት ማጋያ ቢያስመጡና በማኅበር ለተደራጁ ቀጥቃጮች በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ቢሰጡ ነው። ከመግዛታቸውም በፊት መሣሪያው ስንት ኪሎዋት እንደሚፈልግ፥ በነጠላ ፌዝ ወይስ በሦስት ፌዝ እንደሚሠራ፥ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁ። በከተማው ያለው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህራንም መሣሪያውን እንዲመረምሩላቸው ቢለምኑ መልካም ይሆናል።

«መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ምን ይረባል?» የሚል አይታጣም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወልድያ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ለወራት ያለ መብራት መኖርዋን የረሳ የለም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ቢሆንም፥ መሥመሩና ትራንስፎርመሩ ካልጸኑ ኃይሉ ከቀጥቃጩ ደጅ አይደርስም። ሆኖም በጅረት ማጋል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ መብራት ባለበት ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ወናፉም ይቀመጥ እንጂ አይጣል። ነጋዴዎቹም ስለ መሥመሩ ጽናት ለሚመለከተው ክፍል በአንድ ድምፅ ያመልክቱ።

ለቀጥቃጭ ዱቤ መስጠት ምጽዋት የሚመስለው ነጋዴ ቢኖር ተሳስቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ነገር ግን ስድቡ ቢቀር እንኳ እምነት ካልተጨመረበት ሠራተኛው አያድግም። ከውጭ የተሠራ አካፋና መጥረቢያ ብቻ የሚያመጣ ነጋዴ አንድ ጊዜ ሸጦ ያተርፋል፤ ላሜራና የብረት ዘንግ የሚሸጥ ግን ገዢው ይኸው ቀጥቃጭ ነው። የቀጥቃጩ ምድጃ ከጠፋ የነጋዴው ደንበኛ ጠፋ፤ ሥራው ከሰፋ ግን ብረቱም በብዛት ይሸጣል፥ ገበሬውም የሚጠግንለት ሰው በቅርብ ያገኛል።